ተረት ተረት ካልኩ በኋላ

ሳህኑ ደርቆ ሲደረደር፣ የሳሎኑ መብራት ሲጠፋ፣
የፋሃሂል ወበቅ እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ሲያንቀላፋ፣
ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ጣራው ላይ እወጣለሁ፤
ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ስልኬን በልብስ መቆንጠጫ አቆማለሁ።

ፊቴ አይታይም። አይፈቀድም፤ ደግሞስ ለተረት ፊት ምን ሊረባ?
ቀኝ እጄ ጅብ፣ ግራዬ ጦጣ፣ ጓደኛ ያጣ ካልሲ ውስጥ ይገባ።
ጅቡ የአባወራው ነው፣ ጥቁር፣ ተረከዙ የሳሳ፤
ጦጣዋ የትንሹ ፈሃድ፣ ቢጫ፤ መንታዋን ማጠቢያ መኪናው ውጦ ረሳ።

"ተረት ተረት" እላለሁ፤
መላሽ እጠብቃለሁ።
ከጅዳ አንዲት አስታማሚ፣ ከሙስካት ሹፌር ከነልጁ
ቀይ ልብ ልከው ያልፋሉ፤ አላህ ይስጣቸው ከእጁ።
እኔ ግን የምጠብቀው ከሐርቡ ነው፣ ከአክስቷ ስልክ፣
በተሰነጠቀ መስታወት ላይ የረምላን የጣቷን ልክ።

መጀመሪያ አንበሳ ላከች፤ ሥዕል ነው፣ ፊደል አልቆጠረችም።
ቀጥላ "ሀ"፣ ብቻውን። ሀሁን ገና አልጨረሰችም።
በሸዕባን "እማ" አለችኝ፤ በረመዳን "እማ ነይ"፤
ሁለቷን ቃል ሰቀልኳት፣ እንደ ታጠበ ሸሚዝ፣ ገመድ ላይ።
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ተረት ተረት ካልኩበት ሥር፣
"የላም በሬት" ብላ መለሰች። በረቱ ውስጥ በሬ አስገብታ።
አላረምኳትም። በሬውም ይደር፣ ከላሚቱ ጋር።

ኋላ ጥያቄ መጣ፣ እንደ ኬላ ፖሊስ ቁጥብ፣ ባለ ሁለት ክብ፦
"ይህ ቪዲዮ ለልጆች የተሠራ ነው?" አዎ። አይደለም። አንዱን ንኪ፣ ቶሎ አስቢ።
ካልሲ ለብሶ የሚያወራ ጅብ ለማን ይሠራል፣ ለዳኛ?
አዎን ነካሁ፤ እውነት ነውና። ተኛሁም እንደ እውነተኛ።

ጠዋት አስተያየት መስጫው ዝግ። አንበሳው የለም፣ በሬው የለም፤
ደወሉ ዱዳ፣ የማስታወቂያዋ ሳንቲም እንኳ አትንጠባጠብም።

ምንጣፍ ስናራግፍ ትብለጽ ከጎረቤት ሰገነት ነገረችኝ፦
"ሕግ ነው፣ ከባሕር ማዶ። የሕፃን ስም፣ ዕድሜ፣ ምን እንደሚወድ፣
ነጋዴ እንዳይለቅም ነው። አንቺስ፣ ሞኝ፣ ‹አይደለም› አትይም ነበር?
ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

ዝም አልኩ። ፈሃድን አውቀዋለሁና።
ጥርሱ ሲወልቅ እናቱ ቀረጸችው፤ መርፌ ሲወጋ ቀረጸችው፤
አልጋውን ያረጠበ ለታ፣ አንሶላውን እኔ ሳጥብ፣ ሰባ ሺ ሰው አየለት።
የገበያ ማዕከሉ ውስጥ የማያውቃት ሴት በስሙ ጠርታ ጉንጩን ስትቆነጥረው
ከቀሚሴ ሥር ገባና "ሉባባ፣ ደብቂኝ" አለኝ፣
በአማርኛ። ከጦጣዋ የተማራት ቃል ናት።

ሕግ ሆይ፣ አልረግምህም።
ለፈሃድ ዘገየህ፣ ለረምላ ቀደምክ፤
በሩን ስትዘጋ ግን ሌባውንና እናቲቱን በአንድ ቁልፍ ቆለፍክ።

አሁንም ሌሊት ነው። ጣቴ "አይደለም" ላይ ትሄድና ትመለሳለች፤
አንዲት ውሸት፣ ጤፍ የምታክል፣ ልጄን ትመልስልኛለች፤
ልጄም ከነስሟ፣ ከነሐርቡ፣ ለለቃሚው ትሰጣለች።

ካልሲዬን አጠልቃለሁ። "ተረት ተረት" እልና
ዝም እላለሁ፤ አንዲት ልጅ "የላም በረት" ለማለት የሚበቃትን ያህል፣
በሬውን ለማስገባትም ጊዜ ይፈጅባታልና፣ ትንሽ ጨምሬ።
የጅቡ አፍ እንደተከፈተ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።

ጫንኩት። ቆይቼ ከፈትኩት።
ከሥሩ "አንድ ተመልካች" ይላል።
አንድ።
እኔው እሆን?